የሩቅ ረጂና የቅርብ ጎረቤት

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጎንደር ላይ ሳለን አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ ደብዳቤ ይዛ ወደኛ መጣች። ደብዳቤውን ከባሕር ማዶ የጻፉላት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። እኒህ ሴት በአንድ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለልጅቱ ትምህርትና ልብስ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ይልካሉ። በደብዳቤያቸውም ስለ ጤንነታቸው፣ ስለ አትክልታቸውና ስለ ድመታቸው ካጫወቷት በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ «ደስተኛ ነሽን?» ብለው ጠይቀዋታል። ልጅቱ የመጣችው መልሱን በእንግሊዝኛ እንድናቃናላት ነበር።

«ምን ብለሽ ልትመልሺ አሰብሽ?» ብንላት ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጋሼ፣ አያቴ በግ እንደ ገዛች ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ግን በግ አለን ካልሁ ርዳታው ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ» አለችን። ቀጥላም ከደብተሯ መካከል አንድ ፎቶግራፍ አውጥታ አሳየችን። አንዲት ሕፃን በጭቃ ግድግዳ አጠገብ ባዶ እግሯን ቆማለች። «እኔ ነኝ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተነሣሁት ነው። ያን ቀን እኮ ጫማ ነበረኝ፤ አያቴ ለፋሲካ የገዛችልኝ የፕላስቲክ ጫማ። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰውዬ ግን አውልቂ አለኝ» አለች።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። አሮጊቷ ሴት ከኑሯቸው ቀንሰው የሚልኩት ገንዘብ በቅን ልብ የተሰጠ ገንዘብ ነው። ልጅቱም በዚያ ገንዘብ ደብተርና የደንብ ልብስ አግኝታ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ፎቶግራፉን ያነሣውም ሰው ቢሆን ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሳይሆን እንደኛው የአገር ልጅ ነበር። ይልቁንም ነገሩ በልባችን ተቀርጾ የቀረው ስለዚህ ነው። ጫማሽን አውልቂ ያላት የገዛ ወንድሟ ነውና።

እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን ለማሳሰብ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የበጎ አድራጎት ሥራ የሚመዘነው በገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ ልጁ ዘንድ ሲደርስ ልጁን ምን አድርጎ እንደሚተወው ነው። ልጁ የእናቱ ልጅ፣ የሰፈሩ ልጅና የራሱ ክብር ባለቤት ሆኖ ከቀረ ርዳታው በእውነት ርዳታ ሆነ ማለት ነው። ይህን የመጠበቁ ግዴታ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በሩቁ ረጂ ላይ ሳይሆን በቅርብ ባለነው በኛ ላይ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ብናየው መልካም ነው። ዛሬ ስፖንሰር የሚባለው፣ አንድን ልጅ ከአንድ የሩቅ ረጂ ጋራ በስምና በፎቶግራፍ የሚያገናኘው አሠራር በዓለም ላይ እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው የኮሪያ ጦርነት ነው። ወርልድ ቪዥን የተባለውን ድርጅት ቦብ ፒርስ የተባሉ አሜሪካዊ ሰባኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 አቋቋሙት። ሌላው አሜሪካዊ ሰባኪ ኤቨረት ስዋንሰንም በ1952 ወደ ኮሪያ ሄደው፣ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ሕፃናት በየመንገዱ በብርድና በረኃብ ሲያልቁ ባዩ ጊዜ፣ ኮምፓሽን ተብሎ ለሚታወቀው ድርጅት መነሻ የሆነውን ሥራ ጀመሩ። ወርልድ ቪዥን ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ኮምፓሽን ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በአገራችን ሠርተዋል። ከነዚህ ከታላላቆቹ ሌላ ብዙ ትናንሽ ማኅበሮችም አሉ። አንዳንዶቹ ጎንደርን ለመጐብኘት መጥተው፣ በፋሲል ግንብ በር ላይ ያገኙትን ልጅ ረስተው ለመሄድ ልባቸው እንቢ ያላቸው ጥቂት ወዳጆች የመሠረቷቸው ናቸው።

ይህ አሠራር ፍሬ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን የተመረመረው እውነት እንዲህ አይልም። ብሩስ ዋይዲክና ሁለት ባልደረቦቹ በኮምፓሽን የተረዱ ልጆች ካደጉ በኋላ ምን እንደ ሆኑ በስድስት አገሮች ከዐሥር ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ መርምረው፣ ያገኙትን በ2013 አሳትመዋል። ኢትዮጵያ ከስድስቱ አገሮች አንዷ አልነበረችም። የሆነ ሆኖ የተረዱት ልጆች ካልተረዱት ይልቅ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሚበልጥ ጊዜ በትምህርት ቤት እንደ ቆዩና ደመወዝ ያለው ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም እንደ ሰፋ ተረጋግጧል። አንድ ዓመት ትምህርት ለከተማ ሰው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። በጃናሞራ ወይም በበየዳ ተራራ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ገደል ወርዳ ገደል ለምትወጣ ልጅ ግን፣ በልጅነት በመዳርና ተምሮ ራስን በመቻል መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ያው አንድ ዓመት ነው።

እንግዲህ ጥቅሙን ካመንን ዘንድ ጉዳቱንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ጉዳቱ በሦስት በሮች ይገባል።

አንደኛው በር ያ ፎቶግራፍ ነው። ድኽነት ሲሸጥ ገበያው ይበልጥ የተጐዳውን መምረጡ አይቀርም። ስለዚህ ልጁ ያለውን እንዲሸሽግ፣ የሌለውን እንዲያሳይ ሳይነገረው ይማራል። በግ መግዛት የምሥራች መሆኑ ቀርቶ ምስጢር ይሆናል። በዚህ ዓይነት ያደገ ልጅ አድጎ ሹም በሆነ ጊዜ፣ ለወረዳው የሚያቀርበው ሪፖርት ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው በር ልጅን ከቤቱ ማራቅ ነው። በዚህ ነገር ጎንደርና ስሜን ከማንም ይበልጥ የሚያስታውሱት ታሪክ አላቸው። የአፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ልጅ፣ የስሜኑ የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ መቅደላ በተያዘች ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1868 ነው። እናቱ በመንገድ ላይ ስለ ሞቱ ብቻውን ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያም ክፉ አልተደረገበትም። ንግሥት ቪክቶሪያ አዝነውለታል፤ ሞግዚት ተመድቦለታል፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። ይሁን እንጂ በ1879 በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ አረፈ። ዐፅሙም ዛሬ በዊንድዘር ይገኛል። ይመለስልን ተብሎ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። ምቾት ሁሉ ተሰጥቶት ቤት የተነሣ ልጅ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ለሚሻ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልገውም።

በኛም ዘመን ብዙ ሺህ ሕፃናት በጉዲፈቻ ስም ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ. ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ አስቀርቷል። ከነዚያ ልጆች መካከል በመልካም ፍቅር ያደጉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን እናት በሕይወት ሳለች እንደ ሞተች ተደርጎ ወረቀት የተጻፈባቸውም ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ባጸደቀው መመሪያም፣ ድኽነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይገባው ተመልክቷል። ይኸውም በአጭሩ እናቲቱ ድኻ ከሆነች የሚረዳው እናቲቱን ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው በር የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ይህን በሹክሹክታ ከማውራት በግልጽ መነጋገር ይሻላል። በጎንደር ደጋ አንዳንድ ሽማግሌ ከውጭ የመጣ ክርስቲያን ለልጅ ዳቦ ሲሰጥ ባየ ጊዜ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቢመለከት አይፈረድበትም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ሃይማኖት ለውጥ የፈሰሰው ደም፣ ልጃቸው አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን አስወጥተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ጎንደርን መቈርቈራቸው በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ ነው። የሆነ ሆኖ ዛሬ በዚህ ሥራ ከተሠማሩት ድርጅቶች መካከል የልጁን ሃይማኖት ሳይጠይቁ የሚረዱ ብዙዎች ናቸው። በበኩላችን የምንለው ይህን ነው። የሚረዳው ሰው በእምነቱ ተነሣሥቶ መርዳቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያሳፍረው አይደለም። ነገር ግን እንጀራው የልጁ እምነት መግዣ የሆነ ዕለት ምጽዋቱ ንግድ ይሆናል። የራብተኛ ልጅ «እሺ» እሺ አይደለምና።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ጎንደር ልጅን በክርስቲያናዊ ቸርነት ማሳደግን ከባሕር ማዶ አልተማረችም። አቋቋም ለመማር ወደ በአታ፣ ትርጓሜና ቅኔ ፍለጋ ወደየደብሩ ከሩቅ የመጣውን የቆሎ ተማሪ ለብዙ መቶ ዓመታት ያበላችው እርሷ ናት። ያ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ከየቤቱ ቁራሽ እንጀራ ይወጣለት ነበር። ስሙን የጠየቀው፣ መልኩን የሣለው፣ ምስጋና እንዲጽፍ ያስገደደው አልነበረም። የሰጠችው ባልቴት የምትሰጠው ለነፍሷ ስትል ነበርና ልጁን ባለዕዳ አታደርገውም። ነገ መምህር፣ ወይም ሊቅ፣ ወይም ጳጳስ ሆኖ ሊባርካት እንደሚችልም ታውቃለች። ለማኝ ይምሰል እንጂ ተማሪ ነበር፤ ደበሎውም ማዕርጉ ነበር።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ለማሞገስ አይደለም። ከነዚያ ልጆች መካከል በእከክና በተስቦ፣ በብርድና በረኃብ በየጎጆው የሞቱትን የቈጠራቸው የለም። ያ ሥርዓት ለሴት ልጅ ቦታ አልነበረውም ለማለት ይቻላል። ከሰጪው ልብ በቀር መዝገብ የለውምና፣ ዓመቱ ክፉ ሲሆን ማን እንደ ጐደለ የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ከውጭዎቹ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው። መዝገባቸውን፣ ቈጠራቸውን፣ ሴቲቱን ልጅ ከወንድሟ እኩል ማስተማራቸውን፣ በየዓመቱም ሒሳባቸውን ማስመርመራቸውን እንውሰድ። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ደግሞ በሩን ከፍቶ፣ ልጁን ሳያሳንሱ መስጠትን እንውሰድ። ሁለቱ ቢጋቡ መልካም ትዳር ይሆናል።

ይህስ በኛ አቅም የሚሆን ነው ወይ? የሚል ቢኖር መልሱን በዚያችው በኮሪያ ያገኘዋል። የቃኘው ወታደሮቻችን ከ1951 ጀምሮ ወደዚያ ሲዘምቱ አገራቸው ሀብታም አልነበረችም። ሆኖም ዶንግዱቾን በተባለችው ከተማ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ቦህዋ የተባለ ማሳደጊያ አቋቁመው፣ ከደመወዛቸው እያዋጡ ረድተዋቸዋል። ከአሜሪካ የሄዱት ሰባኪዎች የኮሪያን ሕፃናት አይተው ባለቀሱበት ጊዜ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱት የገበሬ ልጆችም እነዚያኑ ሕፃናት አይተው ኪሳቸውን ፈትሸዋል። የሩቅ ረጂ መሆንን እኛም እናውቀዋለን ማለት ነው። እንዲያው ረስተነው ኖሯል።

በቅርቡ ያየናቸው ወይዘሮ አበበች ጎበናም አሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው፣ በረኃቡ ወላጆቻቸውን ካጡት ሕፃናት ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ ሃያ አንድ ሆኑ። ባለቤታቸው እኔን ወይም ልጆቹን ምረጪ ቢሏቸው፣ ልጆቹን ይዘው ከቤት ወጡ። በ2021 ሲያርፉ ግን በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች እናታችን ሞተች ብለው አልቅሰዋል። እሳቸውም በኋላ ከውጭ አገር ወዳጆች ርዳታ አግኝተዋል። ልዩነቱ ረጂዎቹ በመጡ ጊዜ ቤቱን ቆሞ፣ እናቲቱን በሥራዋ ላይ ማግኘታቸው ነው።

ይህ ልዩነት ዛሬ ከመቼውም ይበልጥ ያስፈልገናል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 ዓ. ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ብዙ ቤት አባት አልባ አድርጓል። በ2016 ዓ. ም. ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ መታቸው። በ2015 ዓ. ም. ማብቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭትም የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። በዚህ ሁሉ ላይ በጥር ወር 2017 ዓ. ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በአንድ ትእዛዝ አቆመ። በዚሁ ገንዘብ ይሠሩ ከነበሩት የክርስቲያን ድርጅቶች መካከልም ብዙዎች ሥራቸውን ለመቀነስ፣ ሠራተኞቻቸውን ለማሰናበት ተገደዋል። የሩቅ ዝናም ሲያቆም ለምን አቆመ ብሎ ሰማይን መክሰስ አያዋጣም። የሚጠየቀው ጕድጓድ ሳይቈፍር የከረመው የመንደሩ ሰው ነው።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ አንተ በትምህርት ቤት ያለህ፣ አንቺም በወረዳ ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥሽ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። የሚረዱ ልጆች ዝርዝር በእጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ስም የአክስታችሁ ልጅ አይሁን። ሰው ከውጭ መጥቶ ልጅ ለመርዳት ሲጠይቃችሁ ልጁን ብቻ ሳይሆን እናቱን፣ አያቱን፣ መምህሩን አገናኙት። ቤታቸውን ሳያፈርስ እንዲያቆመው ምከሩት። ፎቶግራፍ የሚነሣ ከሆነ ልጁ ለበዓል እንደሚለብሰው ለብሶ ይነሣ። ድርጅቱ ሥራ በጀመረበት ቀን «የምትሄዱበት ቀን ሲደርስ ይህን ልጅ ለማን ታስረክቡታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ቁም ነገረኛ ረጂ ይህን የሚጠይቀው ሹም ባገኘ ጊዜ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

ከዚህም ሌላ እናንተው ጀምሩት። ሰንበቴና ማኅበር፣ እድርና ዕቁብ ባለበት አገር ዐሥር የሥራ ባልደረቦች ከየደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፣ አንዲት ልጅ ከእናቷ ቤት ሳትወጣ ትምህርቷን ትፈጽማለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን? መዝገብ ያዙለት፤ ሒሳቡን በየወሩ ተሳሰቡ፤ ስለ ልጅቱ ድኽነት ግን በየሻይ ቤቱ አታውሩ። ያን ጊዜ የሩቁ ረጂ ቢመጣ አጋዥ ይሆናችኋል፤ ባይመጣም ልጅቱ ሜዳ ላይ አትቀርም።

ያችን ተማሪ ደብዳቤዋን እንዴት አድርገን እንደ ጻፍንላት ሳንናገር አንጨርስም። «ልጄ፣ ስለ በጊቱ ጻፊላቸው» አልናት። «ሰው የሚረዳው ሲያልፍለት ሊያይ ነው፤ በግ መግዛታችሁን ሰምተው ርዳታቸውን የሚያቋርጡ ከሆነም የልባቸውን ማወቁ ይሻላል» ብለን ተከራከርን። ፈራ ተባ እያለች ጻፈችው፤ አያቷ በጊቱን ስንት እንደ ገዟት፣ በጊቱም መውለጃዋ መድረሱን ጨምራ። ከወራት በኋላ መልሱ መጣ። አሮጊቷ ሴት ደብዳቤውን ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ እንዳነበቡላቸው፣ የበጊቱንም ፎቶግራፍ ለማየት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል።

ፎቶግራፉ ተነሥቷል። በጊቱ ከግልገሏ ጋራ፣ አያትየዋ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ልጅቱም በመካከላቸው ቆማለች። ጫማዋን አላወለቀችም።